ሁለት ነጥቦች ቤተሰባቸውን አይናገሩም

የፈተና ወቅት ሲቃረብ በየቤተ መጻሕፍቱና በየመኝታ ክፍሉ የሚታይ አንድ የተለመደ ሥራ አለ። ተማሪው ከደብተሩ አንድ ንጹሕ ገጽ ይመርጥና ለስድስት ወይም ለስምንት ትንንሽ ሣጥኖች ይከፍለዋል። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሁለት ዘንጎችን ያሰምርና አንድ አንድ ግራፍ ይስላል፤ በመጀመሪያው ቀጥ ያለ መስመር፣ በሁለተኛው አፉን ወደ ላይ የከፈተ ፓራቦላ፣ በሦስተኛው አቀበቱ እየበረታ የሚሄድ ኤክስፖኔንሻል፣ በአራተኛው አቀበቱ እየላላ የሚሄድ ሎጋሪዝም፣ በአምስተኛው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ሳይን። ከእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ ስሙን ይጽፍና ዐይኑን ጨፍኖ እስኪያስታውሳቸው ድረስ ገጹን ይሸመድዳል። እኛም ተማሪ ሳለን ያደረግነው ይህንኑ ነው። ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ደበዘዙብን፤ የቀረን ስማቸው ብቻ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። እያንዳንዱ የፈንክሽን ቤተሰብ የራሱ የሆነ የለውጥ ሕግ አለው፤ የግራፉ መልክ የሚወለደውም ከዚሁ ሕግ ነው። ስለሆነም ተማሪው ከሥዕሉ በፊት ሕጉን ሊያውቅ ይገባል እንላለን። ይህንንም የምንለው ለሒሳብ ትምህርት ማማር ብቻ ተቆርቁረን አይደለም። ቤተሰቡን መሳት በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ያህል የግምት ልዩነት ሊያመጣ እንደሚችል ከአገራችን የሕዝብ ቆጠራ በተወሰደ ምሳሌ ወደ ኋላ እናሳያለን።

ሦስት መንገደኞች በሁለት ጣቢያ

በመጀመሪያ አንድ ቀላል ሙከራ እንሥራ። በስኩዌር ወረቀት ላይ ሁለት ነጥቦችን እናስቀምጥ። የመጀመሪያው ነጥብ በአግድም ዘንግ 2፣ በቋሚ ዘንግ 4 ላይ ይሁን፤ ሁለተኛው ደግሞ በአግድሙ 4፣ በቋሚው 16 ላይ ይሁን። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች የሚያልፈው ፈንክሽን የትኛው ነው?

አንዱ ተማሪ «ቁጥሩን በ6 አባዝቶ 8 መቀነስ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ቁጥሩን በራሱ ማባዛት ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ቁጥሩን የ2 አርቢ ማድረግ፣ ማለትም 2ን በቁጥሩ መጠን ደጋግሞ በራሱ ማባዛት ነው» ይላል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። በ2 ቦታ ሦስቱም 4 ይሰጣሉ፤ በ4 ቦታ ሦስቱም 16 ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ቀጥታ መስመር፣ ሁለተኛው ፓራቦላ፣ ሦስተኛው ኤክስፖኔንሻል ነው።

አሁን በሁለቱ ነጥቦች መካከል ወዳለው ወደ 3 እንሂድ። ቀጥታ መስመሩ 10፣ ፓራቦላው 9፣ ኤክስፖኔንሻሉ 8 ይሰጡናል። ልዩነቱ እምብዛም አያስጨንቅም። ከነጥቦቹ ወጥተን ወደ 10 ብንሄድ ግን መልሶቹ በቅደም ተከተል 52፣ 100 እና 1,024 ይሆናሉ። እስከ 20 ብንዘልቅ 112፣ 400 እና 1,048,576 እናገኛለን። ሦስቱ ፈንክሽኖች በነጥቦቹ መካከል ሳሉ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ከነጥቦቹ ሲርቁ ግን ጨርሶ የማይተዋወቁ ሆኑ።

ጂኦሜትሪ በሁለት ነጥቦች የሚያልፍ ቀጥታ መስመር አንድ ብቻ እንደሆነ ያስተምረናል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መንገዱ ቀጥታ መሆኑን ማን ነገረን? ነጥቦቹ ራሳቸው አልነገሩንም። ሁለት ነጥብ ባየን ቁጥር እጃችን ወደ ማስመሪያው የሚሮጠው ስለለመድን እንጂ ማስረጃ ስላለን አይደለም።

በእኩል እርምጃ ስንራመድ

እንግዲህ ቤተሰቡን በምን እንለያለን? መንገዱ ጥያቄውን መለወጥ ነው። «ይህ ግራፍ ምን ይመስላል?» ከማለት አስቀድመን «በአግድሙ ዘንግ ላይ በእኩል እርምጃ ስንራመድ በቋሚው ዘንግ ላይ ምን ይሆናል?» ብለን እንጠይቅ።

በቀጥታ መስመር ቤተሰብ ለእያንዳንዱ እኩል እርምጃ የሚጨመረው መጠን እኩል ነው። ከቧንቧ ውኃ በማያቋርጥና በማይለዋወጥ ፍጥነት የሚቀዳበት በርሜል በየደቂቃው እኩል ሊትር ይጨምራል። የግራፉ ቀጥ ማለት የዚህ እኩልነት ምስክር ነው።

በኳድራቲክ ቤተሰብ ጭማሪው ራሱ ያድጋል፤ ነገር ግን የሚያድገው በእኩል መጠን ነው። ጋሊሊዮ ጋሊሊ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን በወዳቂ አካላት ላይ አሳይቷል። አንድ አካል ከዕረፍት ተነሥቶ ሲወድቅ በመጀመሪያው የጊዜ ክፍል አንድ እጅ ቢጓዝ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው አምስት፣ በአራተኛው ሰባት እጅ ይጓዛል። ጠቅላላ ርቀቱን ስንደምር 1፣ 4፣ 9፣ 16 ይመጣል፤ እነዚህም የ1፣ የ2፣ የ3 እና የ4 ስኩዌሮች ናቸው። ጭማሪዎቹ 3፣ 5፣ 7 በየጊዜው በ2 ይበላለጣሉ። ፓራቦላ ማለት እንግዲህ «የጭማሪው ጭማሪ ቋሚ የሆነበት» ማለት ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ሥዕሉ ቢጠፋበት እንኳ ከሕጉ ተነሥቶ መልሶ ሊስለው ይችላል።

በኤክስፖኔንሻል ቤተሰብ ደግሞ ለእኩል እርምጃ እኩል ብዜት ይገኛል። የሚጨመረው መጠን ያለውን መጠን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ብዙ ያለው ብዙ ይጨምራል፣ ጥቂት ያለው ጥቂት። በባንክ ተቀምጦ ወለዱ ወለድ የሚወልድ ገንዘብ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። ብዜቱ ከአንድ ሲያንስም ያው ሕግ ይሠራል፤ ግራፉ ግን ቁልቁል ይወርዳል። ካርቦን 14 የሚባለው ሬዲዮአክቲቭ አቶም በየ5,730 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በ1974 እ.ኤ.አ. በአፋር ሐዳር የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ሉሲ (ድንቅነሽ) በዚህ ዘዴ ያልተለካችው ስለዚህ ነው። በዚያን ያህል ዘመን ግማሽ መሆን ከ550 ጊዜ በላይ ስለሚደጋገም የሚለካ አንዳች ካርቦን 14 አይተርፍም። ዕድሜዋ የታወቀው ቅሪቷ በተገኘበት አካባቢ ባሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ውስጥ በሚገኝ አርጎን አማካይነት ነው።

ሎጋሪዝም የዚህ ግልባጭ ነው። በአግድሙ ዘንግ በእኩል ብዜት ስንራመድ በቋሚው ዘንግ እኩል ጭማሪ እናገኛለን። ቻርልስ ሪክተር በ1935 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥን መጠን ለመለካት ያቀረበው ዘዴ በሎጋሪዝም ላይ የቆመ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ «ትናንት 4 ነበር፣ ዛሬ 5 ሆነ፤ በአንድ ብቻ ነው የጨመረው» የሚል አስተያየት ብዙዎቻችን ሰምተናል። በዚያ መለኪያ አንድ ደረጃ መጨመር ግን የመሬቱ ንቅናቄ ዐሥር እጥፍ ሆነ፣ የተለቀቀው ኃይል ደግሞ ወደ 32 እጥፍ አደገ ማለት ነው። ሎጋሪዝምን በሥዕል ብቻ የሸመደደ ሰው ይህንን አይሰማም፤ ሕጉን ያወቀ ግን «አንድ» የምትለዋ ቁጥር በስተጀርባዋ ምን እንደያዘች ይገነዘባል።

በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል «ኢ-ርቱዕ ወደረኝነት» ብለን የተማርነው ቤተሰብም የራሱ ትምህርት አለው። በዚህ ቤተሰብ የሁለቱ ተለዋዋጮች ብዜት ቋሚ ነው። 80 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ እንውሰድ። ፍጥነታችንን ከ40 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብናሳድግ የጉዞው ጊዜ ከ120 ደቂቃ ወደ 80 ይወርዳል፤ 40 ደቂቃ አተረፍን። ያንኑ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከ100 ወደ 120 ብንጨምር ግን ጊዜው ከ48 ደቂቃ ወደ 40 ይወርዳል፤ ያተረፍነው 8 ደቂቃ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ተሽከርካሪው የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ከ100 ወደ 120 ስንሄድ አደጋ ቢደርስ የሚለቀቀው ኃይል በ44 በመቶ ይጨምራል። ትርፉ በአንዱ ቤተሰብ፣ ኪሳራው በሌላው ቤተሰብ ሕግ ይሰላል። በፍጥነት መንገዶቻችን ላይ መሪ የሚጨብጥ ሁሉ እነዚህን ሁለት ግራፎች ጎን ለጎን ቢያያቸው እንዴት መልካም ነበር!

አንድ ቤተሰብ፣ ብዙ አባላት

ከዚህ ላይ ተማሪዎችን የሚያሰለች ሌላ ምዕራፍ እናንሣ፤ ግራፍን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማንቀሳቀስ፣ መለጠጥና መገልበጥ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው እንደ ደረቅ ደንብ ነው። ነገር ግን ትርጉሙ ሕያው ነው፤ የአንድ ቤተሰብ አባላት የሚለያዩት በእነዚህ ነገሮች ሲሆን የቤተሰቡ ሕግ ግን ከሁሉም ዘንድ ይገኛል።

የቀኑን ርዝመት እንመልከት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዓመቱ ውስጥ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ግን ረጅሙ ቀን ከ18 ሰዓት በላይ፣ አጭሩ 6 ሰዓት ገደማ ነው። የሁለቱን ከተሞች የቀን ርዝመት በአንድ ወረቀት ላይ ብንስል አንዱ ለስላሳ ሞገድ፣ ሌላው ትልቅ ማዕበል ሆኖ ይታያል። ሆኖም ሁለቱም ወደ 12 ሰዓት አካባቢ ባለ አንድ መስመር ዙሪያ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት ዞረው ይመለሳሉ፤ ሁለቱም በጥሩ ግምት የሳይን ቤተሰብ ናቸው። የሚለያቸው የሞገዱ ቁመት ነው። ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥረው የአገራችን ልማድ የሚመቸንም የእኛ ሞገድ አጭር በመሆኑ ነው፤ በስቶክሆልም ቢሆን ኖሮ ንጋቱ በየወሩ ከሰዓታችን ጋር በተጣላ ነበር።

ስሕተቱ በሚሊዮን ሲቆጠር

አሁን ቀደም ሲል ቃል ወደ ገባንለት ምሳሌ እንመለስ። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 53.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደውና ዋናው ሥራ በግንቦት ወር በተከናወነው ቆጠራ ደግሞ 73.8 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። በሁለቱ መካከል 12 ዓመት ተኩል ያህል አለፈ። ከዚያ በኋላ ሊካሄድ የታቀደው አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ መራዘሙ ይታወሳል። እንግዲህ በእጃችን ሁለት ነጥቦች አሉን፤ ወደ ፊት መመልከትም ግድ ይለናል። ትምህርት ቤት የሚሠራው፣ ክትባት የሚገዛው፣ እህል የሚጠራቀመው በሕዝብ ቁጥር ግምት ነውና።

ማስመሪያውን የሚያነሣ ሰው «በአንድ እርምጃ 20.3 ሚሊዮን ተጨመረ፤ በሚቀጥለውም ያንኑ ያህል ይጨመራል» ብሎ ለ2012 ዓ.ም. 94 ሚሊዮን ያህል ይገምታል። የኤክስፖኔንሻልን ሕግ የሚከተል ሰው ደግሞ «በአንድ እርምጃ ሕዝቡ በ1.38 ተባዛ፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ ይባዛል» ብሎ ለዚያው ዓመት 102 ሚሊዮን ያህል ያገኛል። በሁለቱ ግምቶች መካከል ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አለ። ይህም በ1999ኙ ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ከነበረው የአዲስ አበባ ሕዝብ ሦስት እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። ሌላ እኩል እርምጃ ብንራመድና እስከ 2024 ዓ.ም. ብንደርስ ግምቶቹ 114 ሚሊዮን እና 140 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ ልዩነቱ 26 ሚሊዮን ይደርሳል። ሁለቱ ሰዎች የተጠቀሙባቸው መረጃዎች አንድ ናቸው። ያለያያቸው የመረጡት ቤተሰብ ነው።

የትኛው ትክክል ነው? ሁለት ነጥቦች ይህንን አይነግሩንም። መልሱን የምናገኘው ነገሩ እንዴት እንደሚያድግ ከማወቅ ነው። ልጆች የሚወለዱት ካሉት ሰዎች ስለሆነ ጭማሪው ያለውን ቁጥር ይከተላል፤ ይህም ወደ ኤክስፖኔንሻል ያደላል። ቶማስ ማልተስ በ1798 እ.ኤ.አ. ሕዝብ በብዜት ሲያድግ ምግብ ግን በእኩል ጭማሪ ብቻ ያድጋል ብሎ የጻፈው ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ነበር። ነገር ግን አንዲት እናት የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር ሲቀንስ ብዜቱም ይቀንሳል። ቤልጂየማዊው ፒየር ፍራንስዋ ቬርሁልስት በ1838 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ ኤክስፖኔንሻል የሚመስል፣ በኋላ ግን እየረገበ ጣሪያ የሚያበጅ ሌላ ቤተሰብ ያቀረበውም ለዚህ ነው። የዘመናችን የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ከዚህም አልፈው ውልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በየዕድሜ ክልሉ ለይተው ያሰላሉ። የማልተስ ስሕተት አንዱ ቤተሰቡን ከመረጠ በኋላ ለምግብም ሆነ ለሕዝብ ሕጉ የማይለወጥ መስሎ መታየቱ ነው። ቤተሰብ መምረጥ ስለ ዓለም መናገር ነው፤ የተናገርነውንም ዓለም ሊያስተባብለው ይችላል።

ስለ መቃወሚያዎቹ

ሐሳባችንን የሚቃወሙ መምህራን እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ መቃወሚያቸውም ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። መጽሐፉ ወፍራም፣ ክፍለ ጊዜው አጭር፣ ክፍሉ የተጨናነቀ ነው። ፈተናው ደግሞ ምርጫ ነው፤ ግራፍ አይቶ ስም የሚጠራ ተማሪ ነጥቡን ያገኛል። ይህ እውነት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ስምንት ሥዕሎችን ለየብቻቸው መሸምደድ አንድ ጥያቄን ስምንት ጊዜ ከመጠየቅ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚረሳውም ፈጥኖ ነው። ደግሞም ግራፉ ተገልብጦ ወይም ተለጥጦ በመጣ ጊዜ መልኩን ብቻ የሚያውቀው ተማሪ ይደናገራል፤ ሕጉን የሚያውቀው ግን ሦስት አራት ነጥቦችን አንብቦ ቤተሰቡን ይለያል።

ሁለተኛው መቃወሚያ «ዛሬ የእጅ ስልክ እንኳ ማንኛውንም ግራፍ በቅጽበት ይስላል፤ ታዲያ ለምን እንደክማለን?» የሚል ነው። እኛ ደግሞ ስለዚሁ ነው የምንደክመው እንላለን። መሣሪያው ቀመር ስንሰጠው ይስላል፤ ነጥቦችን ስንሰጠውም ያዘዝነውን ቤተሰብ በነጥቦቹ መካከል ያሳልፋል። ቀጥታ መስመር ካዘዝነው ቀጥታ መስመር ያመጣል። ያዘዝነው ቤተሰብ ለጉዳዩ የሚገባ ስለመሆኑ ኃላፊነቱ የእኛ ነው። ሥዕል መሳል በረከሰበት ዘመን ዋጋ ያለው ምርጫው ነው።

ስለዚህ መምህራንን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አዲስ ቤተሰብ በሚያስተዋውቁበት ዕለት ከቀመሩም ከሥዕሉም በፊት አንድ የቁጥር ሰንጠረዥ በሰሌዳው ላይ ይጻፉና «በእኩል እርምጃ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። ተማሪዎችም ልዩነቱን፣ የልዩነቱን ልዩነት፣ ብዜቱንም ይፈልጉ፤ ከዚያ ነጥቦቹን በእጃቸው በስኩዌር ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። ቀመሩ ያኔ ሲመጣ የሚጠብቁት እንግዳ ይሆናል። እናንት ተማሪዎችም በጋዜጣ ወይም በዜና «በዚህ ከቀጠለ» የሚል አነጋገር በሰማችሁ ቁጥር «በየትኛው ሕግ ከቀጠለ?» ብላችሁ የመጠየቅ ልማድ ይኑራችሁ። በእኩል ጭማሪ ነው? በእኩል ብዜት ነው? ወይስ እንደ ሞገድ ተመልሶ የሚመጣ ነው?

በመጨረሻም አንድ የቤት ሥራ እንተውላችሁ። አንድ ክብ ሳሉና በዙሪያው ላይ ነጥቦችን አስቀምጡ፤ እያንዳንዱን ነጥብ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር በቀጥታ መስመር አገናኙ፤ ከሁለት የበለጡ መስመሮች በክቡ ውስጥ በአንድ ቦታ እንዳይገናኙ ተጠንቀቁ። ክቡ ስንት ቦታ እንደተከፈለ ቁጠሩ። በአንድ ነጥብ 1፣ በሁለት 2፣ በሦስት 4፣ በአራት 8፣ በአምስት 16 ታገኛላችሁ። ቤተሰቡን ያወቃችሁት መስሏችሁ ለስድስተኛው ነጥብ 32 ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት እርሳሳችሁን አንሡና ቁጠሩ። በዚህ ጽሑፍ ልንል የፈለግነውን ያ ስድስተኛው ነጥብ ከእኛ በተሻለ ይነግራችኋል።